የልጄን ጾም የጾምኩበት ዓመት

ሱቃችን ውስጥ አንዲት ትንሽ የለስላሳ ፍሪጅ አለች። ከታች ለስላሳና የታሸገ ውኃ ነው። ከላይ በጥጉ በኩል በፌስታል ተጠቅልሎ የተቀመጠው የልጄ ኢንሱሊን ነው። ባለቤቴ ፌስታሉ ላይ በእስክሪብቶ “አይነካም” ብሎ ጽፎበታል። ደንበኛ ግን የተጻፈ አያነብም። አንድ ቀን ውኃ ሊገዛ የመጣ ሰውዬ ፍሪጁን ራሱ ከፍቶ ብልቃጡን አወጣና፣

“ይቺ ደግሞ አዲስ ጁስ ናት?” አለኝ።

ከእጁ ስነጥቀው ሰውዬው ደንግጦ ውኃውንም ሳይገዛ ወጣ። እንዲህ ነኝ እኔ። በሆሳዕና ከተማ መብራት ሲጠፋ ሰው ሁሉ ሻማ ይፈልጋል። እኔ የምሮጠው እርጥብ አሸዋ ወደ ሞላሁበት ማሰሮ ነው። መድኃኒቱ ሙቀት አይወድም። መብራቱ እስኪመጣ ብልቃጡን ማሰሮው ውስጥ አስቀምጬ፣ በየሰዓቱ እጄን እየከተትኩ ቅዝቃዜውን አያለሁ።

ልጄ የታመመችው በኅዳር ወር ነው፣ ገና አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። መጀመሪያ ውኃ መጠጣት አበዛች። ቀጥሎ ቀሚሷ ሰፋት። እኔ እድገት ነው ብዬ ነበር፤ ልጅ ሲረዝም ይቀጥናል አይደል? አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋዋ መነሳት ሲያቅታት አባቷ ተሸክሞ ባጃጅ ውስጥ አስገባት። ሆስፒታል አራት ቀን ተኛን። የስኳር ሕመም ነው አሉን። ሲስተሯ መርፌ አወጋጉን አሳየችን፣ ጣት ወግቶ ስኳር መለካቱን አሳየችን፣ አንድ ደብተርም ሰጠችን። በየቀኑ የስኳሯን መጠን እንድንጽፍበት ነው።

“ሕመሙ የዕድሜ ልክ ነው” አለች። “ግን ትማራለች፣ ታገባለች፣ ትወልዳለች። እንደማንኛውም ልጅ።”

እኔ “የዕድሜ ልክ” ከሚለው ወዲያ አልሰማሁም። የቀረውን የነገረኝ ባለቤቴ ነው፣ ቤት ከገባን በኋላ።

ረመዳን በየካቲት ገባ። ልጄ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሠላሳውንም ቀን ጾማ ነበር። ሙሉ ረመዳን ስትጾም የመጀመሪያዋ ስለነበር ለዒድ ቀሚስና ጫማ ገዝተንላት፣ ለሰው ሁሉ “አንድም ቀን አልፈታሁም” እያለች ስትናገር ነበር የዋለችው። አሁን ሐኪሙ አይሆንም አለ። ስኳሯ ገና አልተስተካከለም፣ አንዴ ይወጣል አንዴ ይወርዳል። ለወደፊቱ እናያለን፣ ዘንድሮ ግን አንድም ቀን እንዳትሞክር አለ። እሷ መሬት መሬት እያየች ሰማችው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ጥፋት አጠፋሁ። ሰው እንዳያያት ፈራሁ። “የእነ እገሌ ልጅ በረመዳን ትበላለች” እንዳትባል፣ ወሬው ቁርኣን የምትማርበት መድረሳ ደርሶ ጓደኞቿ እንዳይስቁባት ብዬ ነው። ከትምህርት ቤት ለምሳ ስትመጣ ከሱቁ ጀርባ ባለው መጋዘን፣ በሩዝ ጆንያና በፓስታ ካርቶን መካከል፣ መጋረጃ ጋርጄ አበላት ጀመር። ማንኪያው ሳህኑን ሲነካ ድምፅ እንዳያወጣ እንኳ የፕላስቲክ ሳህን ገዛሁ።

በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ጉርሻዋን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ።

“እማ፣ የምበላው ሰርቄ ነው እንዴ?”

“ዝም ብለሽ ብይ። ሰው ይሰማል።”

“እኮ ይስማ። ምን አጠፋሁ?”

መጋረጃውን አጥብቄ ሳብኩት።

ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሲደርስ ከእኛ ጋር ትቀመጣለች። አባቷ ተምሩን ሲያዞር ድሮ ቀድማ የምታነሳው እሷ ነበረች። አሁን ሁላችንም እስክናነሳ ትጠብቅና ትንሿን ትወስዳለች፤ ሲበዛ ግማሽ። ያቺን ግማሽ ተምር ባየሁ ቁጥር የሾርባ ማንኪያዬን አስቀምጣለሁ።

አንድ ምሽት ከተራዊህ ሶላት ሲመለስ ባለቤቴ፣ “ስለ ልጅቷ ጠይቄ ነበር” አለኝ። “ለእንደ እሷ ያለ ሰው ፊድያ አለ አሉኝ። ባልጾመችው ቀን ልክ በየቀኑ አንድ ችግረኛ ማብላት ነው።”

“ፊድያ ለማን ነው?” አልኩት።

“መጾም ለማይችል።”

“ለሸመገለና ለማይድን ነው። እኔም ሰምቻለሁ። ልጄ ሸምግላለች? ወይስ አትድንም ልትለኝ ነው?”

“አንቺ፣ እኔ እንዲህ ወጣኝ?”

“የሚድን ሰው ቀዳ ነው የሚያወጣው። ሲሻለው ቀኑን ይመልሳል። የእኔ ልጅ ቀዳዋን ታወጣለች።”

ባለቤቴ ነገር ሲከብደው ስኳር መመዘን ይጀምራል። ያን ዕለትም ተነስቶ ስኳሩን በኪሎ በኪሎ እየቋጠረ ደረደረ። በኋላ “የሚገርም ነው፣ ስኳር ነጋዴ ሆኜ” ሲል ሰማሁት። ለራሱ ነው የተናገረው።

በልቤ የነበረው ይህ ነው። አንዲት ሳህን ፊድያ ብዬ ካወጣሁ ልጄ አትድንም ብዬ በእጄ የፈረምኩ መሰለኝ። ቀዳ ግን በሩን ክፍት ያደርጋል። ዛሬ ባይሆን ነገ ማለት ነው። ይህን እያሰብኩ ሳለ፣ እሷ እስክትድን እኔ ብጾምላትስ የሚል ሐሳብ መጣብኝ።

ሐሳቡ ከሜዳ አልመጣም። እኔ ያደግኩት ሀደሮ ነው። አባቴ ገበያው ላይ ጨርቅ ይሸጥ ነበር። እናቴ ስትሞት በሕመሟ ምክንያት ያልጾመቻቸው አሥራ አንድ ቀናት ቀርተውባት ነበር። በጣም ከበደኝ። የሰፈራችን ሽማግሌው ሼኽ ጠርተውኝ፣ “ልጅ ለእናቷ ትጾማለች፤ ጹሚላት፣ ይደርሳታል” አሉኝ። አሥራ አንዱንም ጾምኩላት። በመጨረሻው ቀን ሳፈጥር ከጫንቃዬ ሸክም የወረደ ያህል ቀለለኝ። ያ ቅለት ከእኔ ጋር ኖሯል።

ሌላው ደግሞ ጎረቤቴ ናት። ሀዲያ ናት፣ ጴንጤ ናት፣ ልጄ በምትማርበት ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች። በአጥራችን መካከል አንድ ቆርቆሮ ከወደቀ ዓመት አልፎታል። እሷም አላነሳችውም፣ እኔም አላነሳሁትም፤ በዚያ በኩል ነው የምናወራው። ልጄ ሆስፒታል በተኛች ጊዜ፣ “እኛ ቤተ ክርስቲያን ለልጅሽ ሦስት ቀን ጾመናል” አለችኝ።

“እናንተ? ለእሷ?”

“ምነው? የታመመ ሰው እንዴት ይጾማል? ጤነኛው ነው የሚጾምለት።”

ያን ጊዜ አለቀስኩ። ሴትዮዋ ደንግጣ ቆርቆሮውን ረግጣ መጥታ አቀፈችኝ። እንግዲህ የሼኹን ቃልና የጎረቤቴን ቃል አንድ ላይ አጋባሁት። ለሞተ ይጾማል፣ ለታመመም ይጾማል፤ ለልጄ ብጾም ማን ይከለክለኛል? ማንንም አልጠየቅኩም። ብጠይቅ አይሆንም ይሉኛል ብዬ ስለፈራሁ ነው።

በሲስተሯ ደብተር ላይ፣ በረመዳኑ ገጾች ከእያንዳንዱ ቀን አጠገብ አንዲት ትንሽ ክብ በእርሳስ አደረግኩ። ሠላሳ ባዶ ክብ። ዒድ አለፈ። መጀመሪያ የራሴን ሰባት ቀን ቀዳ አወጣሁ። ከዚያ ሰኞና ሐሙስ የልጄን መጾም ጀመርኩ። አንድ ቀን በጾምኩ ቁጥር ስናፈጥር አንዷን ክብ አጠቁራለሁ። “ስናፈጥር” አልኩ እንጂ የማፈጥረው ብቻዬን ነበር፤ ወጥ ቤት ቆሜ፣ አንድ ተምርና አንድ ብርጭቆ ውኃ።

ጎረቤቴ ቶሎ ነቃችብኝ።

“አንቺ ሴትዮ፣ ጾማችሁ አላለቀም እንዴ? የዒዱ በግ እኮ ቆዳው እንኳ ተሽጦ አልቋል።”

“የቀረኝ አለ።”

“ስንት ነው የቀረሽ? ትንሽ ብትቆዪ የሚቀጥለው ይደርስልሻል።”

ልጄ ግን አልቀለደችም። ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ሐሙስ ጠዋት ዳቦ እየቆረስኩላት፣

“እማ፣ አንቺስ?” አለችኝ።

“ጾም ይዣለሁ።”

“የምን?”

“ቀዳ ነው።”

“የአንቺ ቀዳ ሰባት ነበር። አልቋል።”

“ትምህርት ይረፍድብሻል፣ ተነሺ።”

ደብተሩን በየቀኑ የምትከፍተው እሷ እንደሆነች እንዴት እንደዘነጋሁት እስከ ዛሬ አይገባኝም። የስኳሯን ቁጥር በእጇ የምትጽፈው እሷ ናት። ክቦቹን ከእኔ እኩል ታውቃቸዋለች።

የሚቀጥለው ሰኞ ነበር። መርፌዋን ፊቴ ተወጋች። ቁርሷን “ትምህርት ቤት እበላዋለሁ፣ ዛሬ ሰልፍ በጊዜ ነው” ብላ በላስቲክ ይዛ ወጣች። ሌላ ጊዜ ብትሆን እምቢ እላት ነበር። ከመርፌ በኋላ ሳትበላ ከቤት አትወጣም፤ ያን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ያን ዕለት ግን በጾም አንጎሌ ፈዞ ነበር፣ ሱቅ ውስጥም ሰው ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ለቀቅኳት።

አራት ሰዓት አካባቢ ስልኬ ጮኸ። ጎረቤቴ ናት።

“አትደንግጪ” አለች።

ሰው “አትደንግጪ” ሲለኝ እግሬ ነው ቀድሞ የሚሰማው። ሱቁን ለባለቤቴ ጥዬ፣ አንድ እግሬ የእኔን ጫማ ሌላው የእሱን ነጠላ ጫማ አድርጎ ሮጥኩ። ደረስኩ። ልጄ በመምህራን ክፍል አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ፊቷ በላብ ርሶ፣ ከንፈሯ ዙሪያ ስኳር ተጣብቆ አየኋት። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዓይኗ ግን አወቀኝ።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ጎረቤቴ ሰሌዳ ላይ እየጻፈች ዞር ስትል ልጄ ጭንቅላቷን ዴስኩ ላይ ጥላ አይታለች። ስትጠራት አልመለሰችም። የሲስተሯን ምክር በአጥሩ ክፍተት መቶ ጊዜ የነገርኳት ለካ ተሰምቷል። ስኳር በውኃ በጥብጣ ድድና ጉንጯን በጣቷ አሸችላት። መዋጥ ስትችል ቀሪውን አጠጣቻት።

“ጣቴን ነክሳኛለች” አለች ጎረቤቴ፣ ጣቷን እያሳየችኝ። “በመምህር ጣት ያፈጠረች የመጀመሪያዋ ልጅ ናት።”

ለማሳቅ ነው። እሷ ራሷ ግን የልጄን እጅ አለቀቀችም።

ዳቦው ከቦርሳዋ ወጥቶ እንደተጠቀለለ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አንድም ቁራሽ አልተነካም። ሆስፒታል ወስደን ስኳሯ እስኪስተካከል እዚያው ዋልን። አመሻሹ ላይ ብቻችንን ስንሆን አልጮህኩባትም። ጉልበትም አልነበረኝም።

“ለምን?” አልኳት።

“አንዷን ክብ እኔ ልሙላት ብዬ ነው።”

“የትኛዋን?”

“የእኔን እኮ ነው የምትጾሚው፣ እማ። አንቺ እየከሳሽ፣ እኔ መጋዘን ውስጥ ምሳ እየበላሁ።” ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። “ካልዳንኩ ሁልጊዜ ልትጾሚልኝ ነው?”

ያን ዕለት እኔም ጾመኛ ነበርኩ። መቼ እንደፈታሁት አላስታውስም። ሲስተሯ ሻይ ስትሰጠኝ ሳላስበው የጠጣሁ ይመስለኛል።

ቅዳሜ ዕለት መስጊዳችን ውስጥ በሴቶች በኩል ትምህርት አለ። የምታስተምረው ወጣት ኡስታዛ ናት። የቁርኣኑን አንቀጽ፣ አያውን፣ በአረብኛ ታነባለች፣ በአማርኛ ትተነትናለች፣ አማርኛ ላልገባቸው ሁለት እናቶች ደግሞ በሀዲይኛ ትደግመዋለች። ከዚያ በፊት ከኋላ ተቀምጬ ሰምቼ እሄድ ነበር። ያን ቅዳሜ ሴቶቹ እስኪወጡ ጠበቅኩ።

“ኡስታዛ፣ እርስዎን አንድ ነገር ልጠይቅ…”

“በአላህ፣ እርስዎ አትበይኝ። በእናቴ ዕድሜ ነሽ።”

ሁሉንም ነገርኳት። መጋዘኑን፣ ክቦቹን፣ ሰኞን። ሳታቋርጠኝ ሰማች። ከዚያ ቁርኣኑን ከፍታ ስለ ጾም የሚናገረውን ቦታ አነበበችልኝና ቀስ እያለች አስረዳችኝ። የታመመ ወይም መንገደኛ የሆነ በሌላ ቀን ይቆጥራል። ጾሙ የሚከብደው ደግሞ ችግረኛ ያበላል። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ጣቷን አሳርፋበት ሁለት ጊዜ ደገመችልኝ፤ አላህ ለእናንተ የሚሻው ገሩን ነው፣ ችግሩን አይሻም የሚል ነው።

“ድሮ ሰው ይህን ሲያነብ ሽማግሌና አሮጊት ነበር የሚታየው” አለች። “ስኳር የያዛት ልጅ ያን ጊዜ ብዙ አትኖርም ነበር። ዛሬ ኢንሱሊን አለ፣ ትኖራለች። ስለዚህ አያው ለእሷም እንደሚናገር ቆም ብለን ማየት አለብን። መጾም ትችላለች አትችልም የሚለውን የምንሰማው ከሐኪሟ ነው። ሐኪሙ የፈቀደለት አለ፣ ይጾማል። እሷን አትጹሚ ብሏታል። አትጾምም። በቃ። ይህ ትእዛዙን መጣስ አይደለም፣ መፈጸም ነው።”

“እኔስ የጾምኩላት? ሀደሮ ሼኹ ለእናቴ ጹሚ ብለውኝ…”

እጄን ያዘች።

“ትክክል ብለውሻል። እናትሽ ሞታ ነበር። ያ ለሞተ ሰው ነው። ልጅሽ ግን በሕይወት አለች፣ እህቴ። በሕይወት ላለ ሰው ጾሙን ማንም አይጾምለትም።”

ያን ጊዜ ገባኝ። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ለልጄ ያደረግኩት ለእናቴ ከቀብር በኋላ ያደረግኩትን ነው። ከኢንሱሊኑ ጋር፣ ከማሰሮው ጋር እየሮጥኩ በሕይወት ላቆያት እታገላለሁ፤ በጾሜ ደግሞ እንደሌለች ቆጥሬያታለሁ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ አድርጌ ቆየሁ።

ሲበርድልኝ የመጨረሻዋን ጥያቄ ጠየቅኳት፤ ከየካቲት ጀምሮ ልቤ ውስጥ የነበረችውን።

“ፊድያ ካወጣሁ አትድንም ብዬ መፈረሜ አይደለም?”

“እኔም ሐኪም አይደለሁም፣ ነገን አላውቅም” አለች። “ፊድያ ግን ስለ ነገ አይናገርም። ዛሬ መጾም አልቻልኩም፣ ስለ ዛሬ ይህን አድርጌያለሁ ነው የሚለው። አንድ ቀን መድኃኒቱ ተገኝቶ ብትድን በደስታ ትጾማለች። ማን በሩን ዘጋ? አንቺ እኮ ነሽ መጋረጃ የጋረድሽው።”

ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ እንባዬ ሳይደርቅ።

ቤት ስገባ መጋዘን ያለውን መጋረጃ አወረድኩት። ባለቤቴ የቆምኩበትን ወንበር ያዘልኝ። በክረምቱ፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ የሠላሳውን ቀን ፊድያ አወጣን። ከመስጊዱ ጀርባ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ድሮ ገበያ ላይ ሸንኮራ ይሸጡ የነበሩ፣ አሁን ዓይናቸው የደከመ እናት አሉ። ምግቡን የማበስለው እኔ ነኝ፤ ልጄ ግን እኔው አደርሳለሁ አለች። አንዳንድ ቀን ሩዝ፣ አንዳንድ ቀን የቡላ ገንፎ። ሴትዮዋ ቅቤው ያነሰ ቀን በግልጽ ይናገራሉ። “እናትሽ ዛሬ ተጣልታኛለች?” ብለው ይልካሉ። በደብተሩ ላይ ያሉትን ክቦች እንደገና የሞላቻቸው ልጄ ናት። እኔ በእርሳስ ያጠቆርኳቸውን አሥራ ሁለቱን በላጲስ አጥፍታ፣ በራሷ እስክሪብቶ አንድ ብላ ጀመረች።

ረመዳን እንደገና ገባ። ሐኪሙ አሁንም አይሆንም አለ። በመጀመሪያው ቀን ልጄ ለምሳ መጥታ ሳሎን፣ ጠረጴዛው ላይ፣ በሸክላ ሳህን በላች። ማንኪያዋ ይጮሃል። ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ አየቻትና፣ “የእኔ ጣት ከዚያ ይሻል ነበር” ብላት ሄደች።

ከዐስር ሶላት በኋላ ልጄ በክዳን የተሸፈነውን ሳህን ይዛ ወጣች። እኔ ደግሞ ተከተልኳት። እንዳታየኝ በአንድ ባጃጅ ጀርባ፣ ቀጥሎ በአንድ ግንብ ጥግ እያልኩ ነው። በእጄ ከረሜላ ይዣለሁ። ምናልባት ቢወርድባት፣ ምናልባት መንገድ ላይ… የሴትዮዋ በር ላይ ስትደርስ ሰማኋት።

“ማነሽ?” አሉ ከውስጥ።

“እኔ ነኝ፣ እማማ። የዛሬውን ጾሜን ይዤ መጣሁ።”

“ይቀበልሽ፣ ልጄ። ግቢ። ቅቤ አለው?”

ልጄ ሳህኑን ሰጥታቸው ስትወጣ ከግንቡ ጥግ ላይ ሳልንቀሳቀስ ቆሜ ነበር። ወደ እኔ እንኳ ሳትዞር፣ ሽፋኑን በእጇ እያወዛወዘች አለፈችና፣

“እማ፣ ከረሜላ በኪሴ አለ። ቁርሴንም ምሳዬንም በልቻለሁ። አሁን ሂጂና ሾርባሽን ሥሪ፣ አዛን ሊል ነው” አለችኝ።

ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ከኋላዋ ነው የሄድኩት።